“ፊቱን እንዴት እረሳዋለሁ?”

እ.ኤ.አ. በ1987 ኢየሩሳሌም በተሰየመ ችሎት ኤሊያሁ ሮዘንበርግ የተባለ ምስክር ተከሳሹ መነጽሩን እንዲያወልቅ ጠየቀ። ቀረብ ብሎ ዓይኖቹን ካየ በኋላ ሰውየው ኢቫን መሆኑን ያለ አንዳች ጥርጣሬ ተናገረ። ሮዘንበርግ ናዚዎች ፖላንድ ውስጥ ካቋቋሙት የትሬብሊንካ የሞት ካምፕ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። “አስፈሪው ኢቫን” ደግሞ የጋዝ ክፍሉን ሞተር ያንቀሳቅስ የነበረ፣ በጭካኔው የሚታወቅ ጠባቂ። ሌሎች ተራፊዎችም ቀርበው ይኸው ነው አሉ። ተከሳሹ ጆን ዴምያንዩክ በ1988 ሞት ተፈረደበት።

ከአምስት ዓመት በኋላ የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበተው። ከሶቪየት መዛግብት የተገኙት የቀድሞ የካምፑ ጠባቂዎች ቃሎች፣ የትሬብሊንካው ኢቫን ማርቼንኮ የሚባል ሌላ ሰው እንደነበር ያመለክታሉ። ሮዘንበርግ ራሱም በ1947 በሰጠው ቃል፣ ኢቫን በ1943ቱ የእስረኞች አመጽ ተገድሏል ብሎ ነበር። በኋላ ሲጠየቅ ያንን ከሌሎች የሰማው እንደሆነ አስረድቷል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ “ተራፊ ነን ባዮች ይዋሻሉ” ለሚሉ ሰዎች በተመቸ። አላበቃም። በ2011 የሙኒክ ፍርድ ቤት ዴምያንዩክን ሶቢቦር በተባለ ሌላ የሞት ካምፕ ጠባቂ ነበር፣ ከ28,000 በላይ ሰዎች በተገደሉበት ወንጀልም ተባባሪ ነው ብሎ ጥፋተኛ አለው። ይግባኙ ሳይቋጭ በ2012 ሞተ። በዚህኛው ክስ ሚዛን የደፉት የጠባቂነት መታወቂያውና የዝውውር መዝገቦች ናቸው። እንግዲህ ምስክሮቹ አልዋሹም። ትሬብሊንካ ላይ ሆነ ያሉት ሁሉ ሆኗል። የተበጠሰችው አንዲት ክር ናት፤ ያ ፊት ይሄ ፊት ነው የምትለው።

“ፊቱን እንዴት እረሳዋለሁ?” የማይል ተጎጂ የለም፤ ሰሚውም ያምናል። ፍርሃት ትዝታን እንደ ድንጋይ ጽሑፍ የሚቀርጽ ይመስለናል። ቻርልስ ሞርጋን የተባለ የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ2004 ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ ነው የሚለው። ከ500 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች በሥልጠና ላይ እንደ ምርኮኛ ተይዘው ተመረመሩ። አካላዊ ጫና ባለበት ምርመራ ካለፉት መካከል፣ ቆይቶ መርማሪያቸውን በትክክል የለዩት ግማሽ አልሞሉም። ቀለል ባለው ምርመራ ግን አብዛኞቹ ለይተዋል። እነዚህ ወጣትና ጤነኛ ወታደሮች ናቸው፤ ያለፈውም የዓመታት ጊዜ አይደለም።

መርሳትም አለ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ኤሪካ በተባለ ካምፕ ታስረው የነበሩ ሰዎች በ1940ዎቹ የሰጡት ቃል ከአርባ ዓመት በኋላ ከሰጡት ጋር ተነጻጽሮ ነበር። የካምፑን ኑሮ በጥቅሉ በደንብ ያስታውሳሉ። አንዱ ግን ቀድሞ፣ ለቀናት መራመድ እስኪያቅተው መደብደቡን አስመዝግቦ ሳለ፣ በ1984 ያስታወሰው አልፎ አልፎ መረገጡን ብቻ ነበር። ትዝታ ሲሳሳት ሁልጊዜ የሚያጋንን የሚመስለው ሰው ይህን ልብ ይበል።

ታዲያ የተጎጂ ቃል ዋጋ የለውም? የአትላንታውን ጉዳይ የሚያውቅ እንዲህ አይልም። በ1989 እጅጋየሁ ታዬ በምትሠራበት ሆቴል ውስጥ፣ በቀይ ሽብር ዘመን አዲስ አበባ ያሰቃያትን የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር ቀልቤሳ ነገዎን ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ አየችው። ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል፣ አገሩም ሌላ ነው፤ አልተሳሳተችም። እሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች ከሰሱት። በ1993 ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ፈረደላቸው፤ ሰውየውም በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። እዚህ ግን ክሱ በአንዲት ሴት ዓይን ላይ ብቻ አልቆመም። ሰውየው በስሙና በሥልጣኑ ይታወቃል፣ ሦስት ሴቶችም መስክረውበታል። የክርክሩ ዋና ጥያቄ ማንነቱ ሳይሆን ግርፋቱ ነበር።

ይህ ልዩነት ዛሬ ለእኛ የቅንጦት ወሬ አይደለም። በጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ላይ በ1997 ታሰርኩ ያለ ሰው፣ አንዱ መዝገብ ላይ 1997፣ ሌላው ላይ 2005 ተብሎ ሊሰፍር ይችላል። “ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወሰዱኝ” ሲልም አስተርጓሚው ካልተጠነቀቀ ሰዓቱ ይዛባል። በዚህ ላይ ድንጋጤው ራሱ ቀንን ከቀን ያደባልቃል። ከዚያ ውሳኔው “ቃሉ እርስ በርሱ ይጋጫል” ይላል። ቀን የሳተ ሰው አልተገረፈም ማለት አይደለም፤ የኤሪካው እስረኛም በ1984 ያለው ብቻ ቢሰማ ኖሮ ተረግጧል እንጂ አልተደበደበም ይባል ነበር።

አገር ቤት ደግሞ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው በሚያዝያ 2016 ጸድቋል። የቀይ ሽብሩ ልዩ ዐቃቤ ሕግ አንድ ዕድል ነበረው፤ ደርግ መጻፍ ይወድ ስለነበር የራሱ ሰነዶች መሰከሩበት። በሰሜኑ ጦርነት ለደረሰው በደል ግን ብዙ ቦታ ላይ ያለው የሰው ቃል ነው። ያም ቃል እየተነካካ ነው። አንዲት የተደፈረች ሴት ለጋዜጠኛ፣ ለረድኤት ሠራተኛ፣ ለዩቲዩብ፣ ለዘመድ ደጋግማ ተናግራለች፤ መጀመሪያ ምን እንዳለችና ማን እንደጠየቃት ግን በቅጡ የተመዘገበ ነገር ላይኖር ይችላል። ከጎረቤቷ የሰማችው ካየችው ጋር ቢዋሃድ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው በየቴሌግራሙ ያየነው ነው። የአንድ ወታደር ፎቶ ይለጠፋል፣ ከሥሩ “ይህን ሰው የምታውቁት?” ይባላል፣ ከዚያ ያው ፎቶ በስልክ ለተጎጂ ይላካል። በሥነ ሥርዓት የሚሠራ መርማሪ ፎቶውን ከብዙ ተመሳሳይ ፊቶች ጋር ቀላቅሎ፣ ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ በማያውቅ ሰው እጅ ያሳያል፤ ምስክሯ ያለችውንም እዚያው ይጽፋል። በስልክ የተላከላት ሴት ግን ፎቶውን አንዴ አይታለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ችሎት ቆማ ያንን ፊት ስትለይ፣ የለየችው በዚያች ሌሊት ያየችውን ይሁን በስልኳ ያየችውን እሷም ዳኛውም የሚያውቁበት መንገድ የለም። የተጠርጣሪው ጠበቃ ግን ያንን ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም።