ግማሽና ሁለት ሩብ

ውድ ወላጆች፣ በቤታችሁ የሂሳብ የቤት ሥራ ሰዓት እንዴት ያልፋል? ባለቤቴ መጋቢ ስለሆነ አመሻሹ ላይ አብረን ብዙ ቤት እንገባለን። ደብተር ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ አባት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እናት በአባትና በልጅ መካከል ገብታ ያገኘንባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም። የጠቡ መነሻ አንዳንዴ አንዲት ክፍልፋይ ናት።

አንዲት እህት የአራተኛ ክፍል ልጇን ይዛ ወደ ቤቴ መጣች። ልጁ «እኔ ደደብ ነኝ» ማለት ጀምሯል። እርሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ አባቱ ደግሞ ሲያስረዳው ይቆጣል፤ ምን ይሻለኛል?» አለችኝ።

ደብተሩን ገልጬ አየሁ። ለ1/2 አቻ ክፍልፋይ እንዲጽፍ ተጠይቆ 2/3 ብሏል። ከላይም ከታችም አንድ አንድ ደምሮ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ልጅ ደደብ አይደለም። ሁለቱም ቁጥሮች አብረው መለወጥ እንዳለባቸው ገብቶታል። ያልገባው በመደመር ሳይሆን በማባዛት መሆኑ ነው። ልጃችሁ ሲሳሳት «እንዴት አስበህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት የምለው ለዚህ ነው።

ወደ እናቱ ዞሬ፣ «ግማሽ ኪሎ ቡና ፈልገሽ ሱቁ ውስጥ ያለው በሩብ በሩብ ኪሎ የታሸገ ብቻ ቢሆን ስንት ትገዣለሽ?» አልኳት። «ሁለት ነዋ!» አለች ሳታመነታ። 1/2 እና 2/4 አቻ መሆናቸውን ተናገረች ማለት ነው። ልጁ ቀና ብሎ እናቱን አያት።

እንግዲህ በቤታችሁ እንዲህ አለማምዱ፦

አንደኛ፣ በእጁ ይሥራው። ወረቀት ለሁለት እኩል አጥፎ አንዱን ግማሽ ቀለም ይቀባ። እንደገና ሲያጥፈው ቀለም የተቀባው 2/4 ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ሲደግመው 4/8። ቀለሙ አልጨመረም፣ አልቀነሰምም። እያንዳንዱ ቁራጭ ለሁለት ስለተከፈለ የተቀባውም የሁሉም ቁራጭ ብዛት እጥፍ ሆነ። ላዕሉንና ታህቱን በአንድ ዓይነት ቁጥር የምናባዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፣ የቤቱን ነገር ተጠቀሙ። ግማሽ ሰዓት 30 ደቂቃ ነው፤ ሁለት ሩብ ሰዓትም ያው 30 ነው። ሲሶ ሰዓት 20 ደቂቃ ነው፤ ሰዓቱን በአሥር በአሥር ደቂቃ ለስድስት ብንከፍለው ከስድስቱ ሁለቱ ማለት ነው። ስለዚህ 1/3 ከ2/6 ጋር እኩል ነው። ዳቦ ስትቆርሱ ግን ተጠንቀቁ፤ የትንሹ ዳቦ ግማሽና የትልቁ ድፎ ሁለት ሩብ እኩል አይደሉም። ሙሉው አንድ ዓይነት ይሁን።

ሦስተኛ፣ መልሱን ራሱ ይመርምር። 3/5 እና 6/10 አቻ ናቸው? አመሳቅሎ ያባዛ፦ 3 በ10 ሠላሳ፣ 5 በ6 ሠላሳ። ናቸው። 1/2 እና 2/3ስ? 1 በ3 ሦስት፣ 2 በ2 አራት። አይደሉም። ስህተቱን ራሱ ሲያገኘው አያፍርም።

ባልና ሚስት ሆይ፣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በዚያ ምሽት ትዕግሥት ያለው ያስጠናው፤ ሌላው እራት ያቅርብ። በልጁ ፊት አንዳችሁ የሌላውን አነጋገር አታርሙ። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ሳይሰለቸው አቁሙ።

ይህን ትምህርት ቀላል ነው ብላችሁ አትለፉት። ነገ 1/2 እና 1/4 ደምር ሲባል 1/2ን ወደ 2/4 መለወጥ ካልቻለ 3/4 ላይ አይደርስም። ከዚያም በላይ ግን «አልችልም» የሚለውን ቃል ዛሬ ካላስጣልነው ወደ ሚቀጥለው ክፍል ይዞት ይሄዳል። ትምህርታችሁን ያቋረጣችሁ እናቶችም፣ በየቀኑ ገበያ ስትሠፍሩና ስትመዝኑ የኖራችሁት ይህንኑ ሂሳብ ነውና ልጃችሁ አጠገብ ለመቀመጥ አትፈሩ።