ጭረት ያለው ሸክላ

የጃንሆይ ምስል ያለባት አንዲት ስሙኒ መሳቢያዬ ውስጥ አለች። ከገበያ ከወጣች ስንት ዘመኗ! እኔ ግን ዱሮም በመግዣነቷ አልነበረም የማውቃት። ጣውላ ወለል ላይ ሃያ ሰው ሲጨፍር የሸክላ ማጫወቻው መርፌ እየዘለለ ያስቸግራል። ያኔ ስሙኒዋን በማስቲካ መርፌው ራስ ላይ አጣብቃታለሁ፤ መርፌው አደብ ይገዛል፣ ጭፈራውም ይቀጥላል። ችግሩ ክብደቷ ነው። በዞረ ቁጥር የሸክላውን መስመር እየፋቀች ትሄዳለች። ሌሊቱን ታድናለች፣ ሸክላውን ትበላለች። ይህን እያወቅሁ ነበር የማደርገው።

ዘመኑ ከ1963 እስከ 1968 ዓ.ም. ያለው ነው። ሰፈራችን ገዳም ሰፈር፣ መዋያችን ፒያሳ። ታላቅ ወንድሜ ሥራ እንደያዘ ደመወዙን አጠራቅሞ የገዛት ፊሊፕስ ማጫወቻ ነበረችን፤ ሻንጣ የምትመስል፣ ክዳኗ ራሱ ድምፅ ማጉያ የሆነ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ለፓርቲ ትፈለጋለች። ወንድሜ «ያለዚህ ልጅ ከቤት አትወጣም» ብሎ ስለደነገገ፣ እሷ በሄደችበት ሁሉ እኔ አለሁ። መጨፈር አልችልም፤ ሴት ልጅ ለመጋበዝም ወኔው የለኝም። ሸክላ መቀየር ደግሞ እንደኔ ላለው ዓይን አፋር የተፈጠረ ሥራ ነው፤ ሁሉም ይፈልግሃል፣ ማንም አያይህም።

ዲጄ የሚለውን ቃል ገና አልሰማነውም፤ የሥራውን ሕግ ግን አሳምረን እናውቅ ነበር። ሦስት ፈጣን፣ አንድ ለስላሳ። በለስላሳው መሃል የልጅቷ ወንድም ከተቀመጠበት ከተነሣ፣ ቶሎ ብሎ ወደ ጄምስ ብራውን መዝለል ነው። ማጫወቻዋ አንዲት ብቻ ስለሆነች በሁለት ዘፈን መካከል ዝምታ አለ። ያቺ ዝምታ ትንሽ ከረዘመች ሰው ይቀመጣል፤ አንዴ የተቀመጠውን መልሶ ማስነሣት ጣጣ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለውን ሸክላ ከሽፋኑ አውጥቼ፣ ፊቱን ሳልነካ ጠርዙን በግራ እጄ ይዤ እጠብቃለሁ። ያለቀውን በቀኝ አነሣለሁ፣ አዲሱን አስቀምጣለሁ፣ መርፌውን ዳር ላይ አሳርፋለሁ። እስከ ስድስት ሳይቆጠር ከበሮው ይገባል። ረጅም ዘፈን ሲሆን ደግሞ በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞረው የባለ 45ቷ ሸክላ አንድ ፊት አይበቃውም፤ ሦስት ደቂቃ ላይ ተቆርጦ በጀርባዋ ይቀጥላል። ጨፋሪው አንድ እግሩን እንዳነሣ እስክገለብጥለት ይጠብቀኛል።

መጀመሪያ የምናጫውተው የአሜሪካኖቹን ሶል ሙዚቃ ነበር፤ ጄምስ ብራውን፣ ኦቲስ ሬዲንግ፣ አሬታ ፍራንክሊን። ሸክላዎቹ አሥመራ ከነበረው የአሜሪካኖች ሠፈር ከቃኘው፣ በየትምህርት ቤቱ ከሚያስተምሩት የፒስ ኮር መምህራንና ውጭ ተምረው ከሚመለሱ ልጆች እየሾለኩ እኛ ዘንድ ይደርሳሉ። የአገራችንን ዘፈን በሸክላ ማሳተም ግን ለግለሰብ የተፈቀደ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣቱንና የማሳተሙን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ያንን ድንጋጌ ተዳፍሮ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ህንድ አገር አሳትሞ አመጣ። አልታሰረም። እንዲያውም አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ባለ 45 ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ያህል ረጃጅም ሸክላዎች አወጣ። ዓሊ ታንጎ እየተባለ የሚጠራው ዓሊ አብደላ ካይፋም በካይፋ ሪከርድስ ተከተለው።

የአማርኛው ሸክላ ሲገባ ፓርቲው ሌላ መልክ ያዘ። በእንግሊዝኛው ዘፈን የምንጨፍረው በእግራችን ብቻ ነበር፤ ግጥሙን ማን ሰምቶት! አማርኛው ሲመጣ ትከሻም አብሮ ተነሣ። አለማየሁ ከፖሊስ ኦርኬስትራ፣ ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ ከክብር ዘበኛ የወጡ ናቸው። ከኋላቸው የሚሰማው ጥሩምባና ሳክስፎን ያ የሰልፍ ሜዳ ጉልበት አለው፤ ከበሮው አሜሪካንኛ ይናገራል፤ ዜማው ግን አንቺሆዬ ወይም ትዝታ ነው። ፒያሳ ካሉት ሙዚቃ ቤቶች ደጃፍ ቆመን በነፃ እናዳምጣለን፤ ከዚያ የምሳ ሳንቲማችንን አዋጥተን አንዷን እንገዛለን። የአምስት ልጆች አንድ ሸክላ በአምስት ቤት ስትዞር ትከርማለች። የማን እንደሆነች ከጊዜ በኋላ ማንም አያስታውስም።

መስከረም 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ወረዱ፤ ሰዓት እላፊም መጣ። ሰዓቱ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለዋወጥ እንጂ ደርግ እስኪወድቅ አብሮን ኖረ። የምሽት ክበቦች በራቸውን ዘግተው ከነእንግዶቻቸው ማደር ለመዱ። የእኛም ፓርቲ እንደዚያው ሆነ፤ ማታ የገባ ሳይነጋ አይወጣም።

በ1968 አንድ ቅዳሜ ሠራተኛ ሰፈር ተሰበሰብን። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተቸንክሯል። ጣውላው እንዳይጮህ ጫማ በር ላይ ተደርድሮ የሚጨፈረው በካልሲ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጌ እኔ ራሴ ጆሮዬን ማጫወቻዋ ላይ ደፍቻለሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም የማሕሙድን ሸክላ እንዳስገባሁ መኪና መጣና ደጃችን ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ ባለበት ደረቀ፤ አንዷ እጇን ወደ ላይ እንደዘረጋች ቀረች። መርፌውን ላነሣ ስጣደፍ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ስሙኒዋ ወደቀች፣ መርፌውም ከዳር እስከ መሃል ሸክላውን ተልትሎት ሄደ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የጭረቱ ድምፅ አገር ያሰማ መሰለኝ።

መኪናው ጥቂት ቆይቶ ሄደ። ማንም ትንፍሽ አላለም። በኋላ አንዱ ጠጋ ብሎ «መልሰው» አለኝ በሹክሹክታ። መለስኩት። ጭረቱ በዞረ ቁጥር «ቀጭ» ይላል፤ በደቂቃ 45 ጊዜ። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ እግራቸውን በቀጭታው ላይ ማሳረፍ ጀመሩ። እስኪነጋ ያንን ሸክላ ደጋግሜ አጫወትኩ።

ከዚያ ቤት ጨፋሪዎች ሁለቱን ቀይ ሽብር በላቸው። ሌሎች በሱዳን በኩል ወጡ። አምሃ እሸቴም እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ነበር። ካሴት መጣ፤ ርካሽ ነው፣ ማንም ይቀዳዋል፣ ወለል ሲናወጥም አይዘልም። በእኛ አቆጣጠር ሰባዎቹ ሳይጋመሱ አዲስ ሸክላ የሚባል ነገር ከገበያው ጠፋ። የወንድሜ ማጫወቻ ተበላሽታ ቆጥ ላይ ወጣች። እናቴ አንዱን ትልቅ ሸክላ የእንስራ ክዳን አደረገችው፤ ቀዳዳው ላይ ቡሽ ወትፋበት። አልከፋኝም። ለሌላ ምን ይሆናል?

ነገሩ የተገለበጠው ፈረንጆች ሲሰሙት ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዚያን ዘመን ዘፈኖች «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ አወጣቸው፤ እስከ 30 የሚጠጉ ቅጾች ደረሱ። ሲዲው ያልበቃው ሰው ደግሞ ዋናውን ሸክላ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ያዘ። ከነዚህ አንዱ፣ በዕድሜ የኔ እኩያ የሆነ እንግሊዛዊ፣ በሰው በሰው ቤቴ መጣ። ቡና እየጠጣን የራሱን የወጣትነት ታሪክ አጫወተኝ። እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1981 በሰሜን እንግሊዝ ዊጋን በምትባል ከተማ ካሲኖ የሚሉት የጭፈራ አዳራሽ ነበር። የፋብሪካ ልጆች መጠጥ በማይሸጥበት በዚያ ቤት እስከ ጧቱ ሁለት ሰዓት ሲጨፍሩ ያድሩ ነበር፤ የሚጨፍሩትም አሜሪካ ውስጥ ሳይሸጡ በቀሩ የሶል ሸክላዎች ነው። አጫዋቾቹ ሌላው እንዳይቀድማቸው የሸክላውን ስም በወረቀት ይሸፍኑት ነበር። ፍራንክ ዊልሰን የተባለ ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሞታውን የሸክላ ኩባንያ የሠራት አንዲት ሸክላ ለገበያ ሳትቀርብ ስለተወገደች የተረፈው ጥቂት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 አንዷ ከ25,000 ፓውንድ በላይ ተሸጠች።

እኔም በተራዬ የሰዓት እላፊውን ሌሊት ነገርኩት። እነሱ በፈቃዳቸው ሲያድሩ እኛ በግድ እናድር እንደነበር ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ ሸክላዎቼን አንድ በአንድ ወደ መብራቱ ዘንበል እያደረገ አያቸው። የማሕሙድን ሲያነሣ ራሱን ነቀነቀ። ብርቅ ሸክላ ነው፤ ግን ጭረት አለው፣ መስመሩም ተበልቷል። እሱ የሚፈልገው ንጹሑን ነው።

ከሄደ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። የእነሱ ሸክላ ብርቅ የሆነው በጊዜው የገዛው ሰው ስላልነበረ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ የቆየውም መጋዘን ውስጥ ተረስቶ ስለከረመ። የእኛ ብርቅ የሆነው ሁሉም ገዝቶት፣ ተዋውሶት፣ ስሙኒ ጭኖበት፣ እስኪያልቅ ስለጨፈረበት ነው። ንጹሕ የአምሃ ሸክላ ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ማንም አልጨፈረበትማ። ሰብሳቢው ጉድለት የሚለው፣ እኛ በዚያ ቤት እንደነበርን የሚመሰክር ብቸኛ ነገር ነው። አምሃ እሸቴም አለማየሁ እሸቴም እ.ኤ.አ. በ2021 አርፈዋል፤ ዘፈኑ በሲዲ አለ። ማን የት እንደጨፈረበት ግን በየትኛውም ሲዲ ላይ አልተጻፈም።

እርስዎም ሣጥን ሥር ወይም ቆጥ ላይ አሮጌ ሸክላ ካለዎት፣ ለመሸጥ ወይም ለመጣል ከመቸኮልዎ በፊት እርሳስ አንሥተው ሽፋኑ ላይ ጥቂት ቃላት ይጻፉበት፤ ማን ገዛው፣ የትኛው ሰፈር ተጨፈረበት፣ ጭረቱስ ከየት መጣ። እኔ በማሕሙድ ሸክላ ሽፋን ላይ የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ሠራተኛ ሰፈር፣ 1968፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። በካልሲ።»