21 ዓመት ከቀረጥ ነፃ

የአሜሪካው ልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ኅዳር 2014 የሐዋሳ ፋብሪካውን ዘግቶ ሲወጣ፣ ታኅሣሥ 23 ደግሞ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ገበያዋን ያለ ቀረጥ ከከፈተችበት ከአጎዋ ስታሰናብተን፣ ብዙዎቻችን ዋሽንግተንን ረገምን። ንዴቱ ተገቢ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ሰበብ የመጣው ቅጣት ያረፈው ጥይት ባልተኮሱት፣ ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር መጥተው ስፌት መኪና ላይ በተቀመጡት ልጆች ላይ ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ በፊት የባከነው ጊዜ ነው።

አጎዋ የገባነው በ1993 ነው። 21 ዓመት ሙሉ የአሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ ተከፍቶልን ነበር፤ ሌላው እስከ 32 በመቶ የሚከፍልበትን የሰው ሠራሽ ጨርቅ ልብስ እኛ በነፃ እናስገባ ነበር። ጨርቁን ከየትም አገር አምጥተን ብንሰፋው እንኳ ተፈቅዶልን ነበር። ፈቃዱ የራሳችንን ፈትልና ሽመና እስክናቋቁም የተሰጠን ፋታ ነበር፤ ተኛንበት። አዋሽ ሸለቆን፣ ሁመራንና መተማን የመሰለ የጥጥ መሬት ይዘን፣ ሐዋሳ ለሚሰፋው ሸሚዝ ጨርቁም፣ ዚፑም፣ ቁልፉም ባብዛኛው ከእስያ በጅቡቲ በኩል ይመጣ ነበር። ከእኛ የወጣው ምንድን ነው? መሬት፣ ሼድ፣ መብራትና የሴት ልጅ ጉልበት። ኢንዱስትሪው ሥር ስላልሰደደ፣ ለመንቀል አንድ ውሳኔ በቃው።

ጉልበቱንስ በስንት ሸጥነው! የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት በ2011 ባወጣው ጥናት፣ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ከልብስ አምራች አገሮች ሁሉ የመጨረሻው ዝቅተኛ። መንግሥት ባለሀብት ሲጠራም ያስተዋውቅ የነበረው ይህንኑ ርካሽነት ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚኖር ጽፏል፤ ልጆቹ ከሥራ እስኪወጡ ድረስ ግን ለግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል አልተቆረጠም። አንዲት ክፍል ለአራት እየተከራዩ፣ ከምግብና ከኪራይ የሚተርፍ ሲያጡ ይለቁ ነበር። ያው ጥናት እንደሚለው ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኛቸውን በሙሉ ይቀይሩ ነበር። ዓመት ያልቆየ እጅ ምን ሙያ ይይዛል?

ባንግላዴሽ ግን ሌላ መንገድ ያዘች። ደሽ የተባለው የአገሬው ኩባንያ በፈረንጆቹ 1979 ከመቶ የሚበልጡ ሠራተኞቹን ደቡብ ኮሪያ፣ ቡሳን ወደሚገኘው የዴዉ ኩባንያ ፋብሪካ ልኮ አሠለጠነ። ሲመለሱ ብዙዎቹ ከደሽ ወጥተው የየራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ፤ የአገሪቱ የልብስ ኢንዱስትሪም ከነሱ ተነሳ። እኛ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ሐዋሳ ድረስ መጥተውልን ነበር። ትንሽ ደመወዝ ጨምረን፣ ማደሪያ ሠርተን አምስት ዓመት ብናቆያቸው ኖሮ፣ አሜሪካ በሯን ብትዘጋም እንኳ፣ ዛሬ አሥርና ሃያ ሰው ቀጥረው ለመርካቶ ሱሪና ሸሚዝ የሚሰፉ ሴቶች ይኖሩን ነበር።