ሚያዝያ 27

ጋዜጣ ስገዛ ዓይኔ ቀድሞ የሚሮጠው «ዛሬ በታሪክ» ወደምትለው ጥግ ነው። ሚያዝያ 27፣ በፈረንጆቹ ሜይ 5፣ ካርል ማርክስ የተወለደበት፣ ናፖሊዮን የሞተበት ቀን ነው። በእኛ ደግሞ በ1928 ዓ.ም የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ በ1933 ዓ.ም በዚያው ቀን ጃንሆይ ተመልሰው ገቡ። አይ አጋጣሚ! ያሰኛል። ዳሩ ግን ከተማዋ ከጠላት እጅ የወጣችው ወር ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 28 ነበር። ጠላት በገባበት ቀን መግባታቸው ታስቦበት ነው። ደርግ ደግሞ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 ወሰደው። የማርክስን ሥዕል አደባባይ የሰቀለ መንግሥት የማርክስን ልደት ሻረ ማለት አይደል? ኋላ በዓሉ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ቀን በራሱ አይናገርም፤ የሚያናግረው ባለጊዜ ነው። እኔን የሚከነክነኝ አርበኛው ነው። አምስት ዓመት ሙሉ በየዱሩ ሲዋደቅ፣ የእሱ ቀን የትኛው ነበር?