ጧፋችን ለምን ጠፋ?

ትምህርት የምንጀምረው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ከአሰላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በጭላሎ ተራራ ሥር፣ በአንድ ሰፊ ቤት ውስጥ እንሰበሰባለን። ተማሪዎቹ ገበሬዎችና የቤት እመቤቶች ናቸው። አስተማሪዋ እኔ ነኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ክረምቱን ፊደል ላስቆጥር መጣሁ።

አንድ የፀሐይ መብራት ነበረን። በበጋ ደህና ያበራ ነበር አሉ። በክረምት ግን ጭላሎ ደመና ይለብሳል። ፀሐይ አትታይም። መብራቱም አይሞላም። ግማሽ ሰዓት ያህል አብርቶ ጭል ጭል ይላል። ከዚያ በኋላ ያለን ኩራዝ ነው። ኩራዝ ደግሞ ይጨሳል፤ ዓይን ያቃጥላል። ጠዋት ስንነሣ አፍንጫችን ጥቁር ነው።

አንድ ማታ አንዲትን እናት ሰሌዳው ላይ ያለውን ቃል እንዲያነቡ ጠየቅኋቸው። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ቃሉ «ሰም» ነበር። እማማ ቆም አሉና «ለም» አሉ። እንደገና ሞከሩ። «በም» አሉ። ሰው ሳቀ። እማማ ደብተራቸውን አጠፉ። «ልጄ፣ ዓይኔ ሄዷል። ከእንግዲህ አታስቸግሪኝ፣ አልመጣም» አሉ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ በቀን ብርሃን ቤታቸው ሄድሁ። ያንኑ ቃል በእንጨት መሬት ላይ ጻፍሁ። እማማ ምንም ሳይቸገሩ «ሰም» ብለው አነበቡ። ዓይናቸው አልሄደም። ያጣነው ብርሃን ነው።

እማማ መሬት ላይ የተጻፈውን ትንሽ አዩና «እናቴ እኮ ጧፍ ትሠራ ነበር። ሰፈፍ ካገኘን ለምን አንሠራም?» አሉኝ።

ሰፈፍ ምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ማር በውሃ ተበጥብጦ ጠጅ ሲጣል ከላይ የሚንሳፈፈው ሰምና ቆሻሻ ነው። በአገራችን ብዙው ሰም የሚገኘው ከዚሁ ከጠጅ ቤት ሰፈፍ ነው። እኛም ከከተማ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ሩብ የሚሆን ሰፈፍ አመጣን።

ሰፈፉን በስስ ጨርቅ ቋጠርን። በድስት ውሃ ውስጥ ቀቀልነው። በእንጨት ጫን ጫን አደረግነው። ሰሙ ቀልጦ በጨርቁ ሾልኮ ወጣ፤ ከውሃው በላይ ተንሳፈፈ። ሲበርድ እንደ ቂጣ ረጋ። ከቂጣው ሥር የተጣበቀውን ጥቁር ዝቃጭ በቢላዋ ፋቅን። በብረት ድስት አትቀቅሉት፤ ብረት ሰሙን ያጠቁረዋል። የእኛ የመጀመሪያው ሰም ልክ እንደ ቡና አተላ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ በአሉሚኒየም ድስት ቀቀልነውና ቢጫ ሆኖ ወጣልን።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ጧፍ ለመንከር ሰሙን እንደገና ማቅለጥ ነበረብን። እኔ ቸኮልሁ። ሰሙን ያለ ውሃ እሳት ላይ ጣድሁት። መጀመሪያ ነጭ ጭስ ወጣው። ቀጥሎ ቦግ አለ። አንድ ወጣት ውሃ ይዞ ሮጠ። እማማ «ውሃ አይንካው!» ብለው ጮኹ። የምጣዱን አክምባሎ አንሥተው ድስቱ ላይ ደፉበት። እሳቱ አየር አጣና ሞተ።

ውሃ ቢደፋበት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ውሃ ከሰም ይከብዳል። ወደ ሥር ይወርዳል። በጋለው ሰም ውስጥ ባንዴ እንፋሎት ይሆንና የሚነደውን ሰም ወደ ፊታችን ይረጨዋል። ይህን እኔ በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ። በሚያስፈልግበት ሰዓት ግን ያስታወሱት እማማ ናቸው። እጄ እስከ ማታ ሲንቀጠቀጥ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ሰሙን በጣሳ አድርገን፣ ጣሳውን በሚፈላ ውሃ ድስት ውስጥ እናስቀምጠዋለን። የንብ ሰም 63 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ በውሃው ውስጥ ያለው ሰም ከዚያ በላይ አይግልም። ውሃው እንዳያልቅ ብቻ መጠበቅ ነው።

የመጀመሪያው ጧፋችን ጠጥ ጠጥ እያለ ተፈናጠረና ጠፋ። ፈትሉ እርጥብ ነበር። ሁለተኛው ሳይፈናጠር ጠፋ። ሰዉም «ክሩ ነው» «ሰሙ ነው» እያለ ተከራከረ። አንድ ገበሬ «አርሲ ላይ በግ አይታጣም፣ በሱፍ እንሞክረው» አለ። ሞከርነው። ሱፉ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፤ ከስሎም ጠፋ። ሌላው የልብስ መስፊያ ናይለን ክር አመጣ። እሱማ ቀልጦ ተንጠባጠበ። ወደ ጥጥ ተመለስን።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩን በሥርዓት የያዝነው። ሰሙ አንድ ይሁን፣ የጧፉ ውፍረት አንድ ይሁን፣ የፈትሉ ቁጥር ብቻ ይለያይ አልን። ሁለት ነገር ባንዴ ከለወጥን ጥፋቱ የማን እንደሆነ አናውቅም። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ወሰድን። ባለ 3፣ ባለ 5 እና ባለ 8 ፈትል አደረግን። አስቀድመን ፈትሉን የአየር አረፋ መውጣት እስኪያቆም ድረስ ሰም አጠጣነው። ከዚያ እየነከርን፣ እያበረድን፣ ደግመን እየነከርን አውራ ጣት አሳከልነው። ተማሪዎቹ ቁጥሩን ራሳቸው በወረቀት ጽፈው ለጠፉበት።

ባለ 3ቱ ትንሽ ነበልባል ነበረው። የቀለጠው ሰም ፈትሉ ከሚጠጣው በላይ ሆነ። ፈትሉ ሰመጠ፤ ጠፋ። ባለ 8ቱ ደግሞ እንደ ችቦ ነደደ። ነጭ ሰሐን ከበላዩ ብንይዝ ሰሐኑ ጠቆረ። ሰሙም በጎን ፈሰሰ። ባለ 5ቱ ቀጥ ብሎ በራ። ሰሐኑን ብዙም አላጠቆረም። ግን 5 ፈትል ሕግ ነው ብላችሁ አትያዙ። የአንዷ ፈትል ወፍራም ነው፣ የሌላዋ ቀጭን። የጧፉ ውፍረት ከተለወጠም ቁጥሩ ይለወጣል።

ፈትሉ ሲረዝም ይጨሳል፤ በመቀስ መቁረጥ ያስፈልጋል። የእማማ ልጅ ግን ፈትሉን እንደ ፀጉር ሹሩባ ሠራችው። ሹሩባው ሲነድ ጫፉ ጎንበስ ይልና ራሱ ተቃጥሎ ያልቃል። ይህን ዘዴ በ1825 እ.ኤ.አ. ካምባሴሬስ የሚባል ፈረንሳዊ እንዳወጣው አነበብሁላቸው። ልጅቱ «እኔ ደግሞ ዛሬ አወጣሁት» አለች።

በእንግሊዝ አገር ማይክል ፋራዴይ የሚባል የታወቀ ሊቅ ነበር። የአንጥረኛ ልጅ ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልገባም፤ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሲሠራ እያነበበ ተማረ። በ1860 እ.ኤ.አ. ገና በዓል ሰሞን ለልጆች ስለ ሻማ ብቻ 6 ትምህርት መስጠት ጀመረ። ከእሱ የተማርሁትን አሳየኋቸው። ጧፉን እፍ ብዬ አጠፋሁ። ነጩ ጭስ ገና ሲወጣ ክብሪቱን ከላይ ወደ ጭሱ አስጠጋሁ። እሳቱ በጭሱ ላይ ዘሎ ፈትሉን አቀጣጠለው። ሰሙ ፈትሉን ሽቅብ ይወጣል፣ ይተናል፣ የሚነደው ያ ትነት ነው። «እንደገና! እንደገና!» አሉኝ። ክብሪት ጨረስን።

ሽታ ደግሞ ፈለጉ። እጣን ፈጭተን ሰሙ ውስጥ ጨመርን። ዱቄቱ የፈትሉን መንገድ ዘጋውና ነበልባሉ ደከመ። የደረቀ የጠጅ ሣር ቅጠል ጨመርን። ቅጠሉ ራሱ ተቀጣጥሎ ሁለተኛ ፈትል ሆነ፤ አስፈራን፤ አጠፋነው። አንዲት ሙሽራ ከከተማ የመጣ ሽቶ ልትጨምር ነበር። ሽቶ አልኮል ነው፤ ከእሳት አጠገብ አይጨመርም ብዬ ከለከልኋት። እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች። እጣኑን በማጨሻው ማጨስ ይሻላል። ደግሞ የንብ ሰም የራሱ የማር ሽታ አለው። ከእሱ የበለጠ ምን ትፈልጋላችሁ?

ሰም ከገበያ የምትገዙ ከሆነ ሰብራችሁ እዩት። ንጹሕ የንብ ሰም ስብራቱ ፍርክስክስ ያለና ደብዛዛ ነው። ፓራፊን ሲገባበት ያንሸራትታል፣ ያብለጨልጫል። ሞራ የገባበትን ደግሞ ለኩሳችሁ አጥፉት፤ ሽታው ራሱ ይነግራችኋል።

እማማ አሁን ፊት ለፊት ነው የሚቀመጡት። የጧፉን መዝገብ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ሐሙስ ማታ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «6 ፈትል። ሹሩባ። ትንሽ ይጨሳል። በሩን ዝጉ።» በሩን የጨመሩት በትክክል ነው፤ ንፋስ ሲገባ ጧፉ ባንድ ጎኑ ብቻ ይቀልጣል። ባለ 7ቱን ገና አልሞከርነውም። ጥጥ አልቆብናል፤ እስከ ቅዳሜ ገበያ እንጠብቃለን።