ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃና የማጀቴ ሶኬት

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን በኩል የጣርማ በርን ዋሻ ያለፈ መንገደኛ ብርዱን ከኋላው ትቶ ወደ ሞቃቱ ይፋት ይወርዳል። ሸዋ ሮቢትን፣ ከዚያም አጣዬን አልፎ ማጀቴ ይደርሳል። ይፋት በመካከለኛው ዘመን የሱልጣኔት መቀመጫ የነበረ፣ በዘይላ ወደብ በኩል ከባሕር ማዶ ጋር ሲነግድ የኖረ ምድር ነው። ያ ዝምድና ዛሬም አልተቋረጠም። በጅዳ፣ በሪያድ፣ በዱባይና በኩዌት በሰው ቤት እየሠሩ ወላጆቻቸውን የሚጦሩ የዚህ አካባቢ ልጆች ብዙ ናቸው።

ልጅ ደግሞ ገንዘብ ብቻ አይልክም፤ ዕቃም ይልካል። ማጀቴ በገባንባቸው ቤቶች ካውያ፣ የውሃ ማፍያና ጁስ መፍጫ አይተናል። አንዲት እናት ግን ካውያቸውን ያሳዩን ከሳጥን አውጥተው ነው።

«ልጆቼ፣ ይሄ ልጄ ከጅዳ የላከችልኝ ነው። አንድ ልብስ እንኳ ሳልተኩስበት ጨሰ።»

«እማማ፣ ከሶኬቱ ጋር እንዴት አገናኙት?» አልናቸው።

«ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፤ የኛ ግድግዳ አልቀበል አለው። ከገበያ ማስማሚያ ገዝተን ሰካነው። ገባ እኮ!»

ገልብጠን ስናየው «127 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» የሚል ጽሑፍ አገኘን። በአገራችን ቤቶች ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ለ127 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ 220 ሲሰጠው ከታሰበለት ሦስት እጥፍ ያህል ኃይል ይስባል። ማስማሚያው የለወጠው የእግሩን ቅርጽ ብቻ ነው፤ የኤሌክትሪኩን ጉልበት አልለወጠም። ሶኬት ውስጥ የገባ ሁሉ ተስማማ ማለት አይደለም።

አገሮች ለምን ተለያዩ? ሁሉም ኤሌክትሪክን የጀመረው በየራሱ መንገድ ስለሆነ ነው። አሜሪካ በ110 ቮልት አካባቢ ስትጀምር፣ የአውሮፓ አገሮች ወደ 220 ሄዱ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1947 ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለውን ሶኬቷን ደነገገች፤ በእርሷ ተጽዕኖ ሥር የነበሩት እነ ኩዌት፣ ዱባይና ኳታርም ይህንኑ ወሰዱ። ነዳጇን በአሜሪካ ኩባንያዎች ማውጣት የጀመረችው ሳዑዲ ዓረቢያ ግን 60 ኸርዝን ያዘች፤ በቤቶቿም 127 ቮልት ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። መንግሥቷ እ.ኤ.አ. በ2010 ቀስ በቀስ ወደ 230 ቮልት ለመሻገር ወሰነ። ሽግግሩ ዓመታት የሚፈጅ ስለሆነ ከዚያ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በእኛ ዘንድ የተለመደው እንደ አብዛኛው አውሮፓ ሁለት ክብ እግር ያለው ነው።

ከዱባይና ከኩዌት የሚመጣው ዕቃ በቮልትም በኸርዝም ከእኛው ጋር ይቀራረባል። የእርሱ አደጋ ሌላ ነው። ሦስተኛው እግር ለጌጥ የተሠራ አይደለም፤ ዕቃው ሲበላሽና ብረቱ ኤሌክትሪክ ሲይዝ ወደ መሬት የሚያወርድ መንገድ ነው። ብዙ ርካሽ ማስማሚያዎች ይህን መንገድ ይዘጉታል። ጫፉን ቆርጦ በሁለት እግር የሚተካም አለ፤ እርሱ የመሬቱን ሽቦ ብቻ ሳይሆን በእንግሊዙ ሶኬት ሆድ ውስጥ ያለውን ፊውዝም አብሮ ይጥላል። ከዚያ በኋላ በእርጥብ እጅ የውሃ ማፍያውን የነካ ሕፃን የሚጠብቀው ነገር የለም።

የማብሪያ ማጥፊያውም ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በእነዚያ አገሮች ብዙ ጊዜ በሶኬቱ ጎን ማጥፊያ አለ። በእኛ ቤቶች የግድግዳ ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ ማጥፊያ የለውም። ከስደት የተመለሰች እህት «አጥፍቼዋለሁ» ብላ ትታው እንዳትሄድ፣ ገመዱን ሳይሆን የሶኬቱን ራስ ይዛ መንቀል ትልመድ።

በባሕር ማዶ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሆዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «220-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ከሆነ ለአገራችን ይሆናል። «100-240» የሚል የስልክ ቻርጀርም ችግር የለበትም። «110»፣ «120» ወይም «127» ብቻ የሚል ግን ያለ ትራንስፎርመር አይሠራም። ካውያ ከ1000 ዋት በላይ ስለሚወስድ፣ የሚበቃው ትራንስፎርመር ከካውያው ይልቅ ሊከብድና ሊወደድ ይችላል። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ፍሪጅ ደግሞ ትራንስፎርመር ቢደረግለትም ሞተሩ እየዘገየና እየጋለ ይጎዳል። እንዲህ ያለውን እዚያው ትቶ ገንዘቡን መላክ ይሻላል።

እዚህ ያለን ቤተሰቦችም ዕቃው ሲደርሰን ለመሰካት አንቸኩል፤ ማንበብ የሚችል ልጅ ቁጥሩን ያንብብልን፣ የመሬት ሽቦ መኖሩንም በኤሌክትሪክ ሠራተኛ እናስፈትሽ። በሰው ቤት ቆመው ያደሩበት የልጆቻችን ላብ በአንድ ደቂቃ ጭስ ሆኖ እንዳይቀር መጠንቀቅ የእኛ ድርሻ ነው። አላህ ልፋታቸውን በረካ ያድርግላቸው፤ በሰላምም ለቤታቸው ያብቃቸው።