ዓባይ የከበባት ደሴት

ጊዜው ጥር 2007 ዓ.ም. ነው። የልጅ ልጄ ያኔ አሥር ዓመቱ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቴሌቪዥን ላይ ስለ ራፓ ኑይ የሚያሳይ ፊልም አየና አላስቀምጥ አለኝ። ራፓ ኑይ በፓስፊክ ውቅያኖስ መሐል ያለች፣ እሳተ ገሞራ የሠራት ደሴት ናት። ከቺሊ የባሕር ዳርቻ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በታንኳ የደረሱት የፖሊኔዥያ ሰዎች ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የጠረቧቸው ግዙፍ ሐውልቶች አሁንም ቆመውባታል።

"እማማ፣ እዚያ ውሰጂኝ።"

በመምህርነት ጡረታ ቺሊ አይደረስም። ግን መልስ አላጣሁም፤ "እኔም እኮ የደሴት ልጅ ነኝ" አልኩት። አላመነኝም። ካርታ አወጣሁና ከግሽ ዓባይ ጀምሬ በጣቴ ተከተልኩ። ወንዙ ወደ ጣና ይገባል፤ ከጣና ይወጣል፤ በምሥራቅ ይወርዳል፤ በደቡብ ይዞራል፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ጎጃም በመሐሉ ቀረች። በመሐልዋ ደግሞ ጮቄ አለ። ጮቄ ዛሬ የሞተ ቢሆንም በዘመኑ እሳተ ገሞራ ነበር፤ የተወለደው ከ22 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። ልጁ ካርታውን ትኩር ብሎ አየና "ባሕሩስ?" አለኝ። "እሱን መንገድ ላይ አሳይሃለሁ" አልኩት።

ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነሥተን ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ከዚያ ወደ ዓባይ በረሃ ነው። አውቶቡሱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሙቀቱ ከእግር ይጀምራል፤ ካፖርት፣ ቀጥሎ ሹራብ ይወልቃል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን 303 ሜትር ርዝመት ያለውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግረን ወደ ደጀን መውጣት ስንጀምር፣ ልጁን በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኩት። እዚህ ገደሉ እንደ መጽሐፍ ይነበባል፤ ከታች አሸዋማ ድንጋይ፣ ከፍ ሲል ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ ከላይ እንደ ክዳን የተደፋ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ።

"ያ ነጩ የባሕር ወለል ነበር" አልኩት። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ይህ አገር በባሕር ተሸፍኖ ነበር። የኖራ ድንጋዩ ከዚያ ባሕር የቀረ ነው። ጥቁሩ ከብዙ ዘመን በኋላ እየነደደ ፈስሶ ከላይ ተኛበት። ልጁ ወደ ታች አየ፣ ወደ ላይ አየ። "ታዲያ ባሕሩ ከደሴቷ ሥር ነዋ!" አለ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ መልስ ከስንት ተማሪ ሰምቼ ይሆን?

ደጀን የተወለድኩባት ከተማ ናት። ዕቃ ያጠብንበት፣ የዋኘንበት ወንዝ ሙጋ ነው። ከየት እንደሚመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሙጋም፣ ወደ ቢቸና በኩል ያለው ሱሃም፣ ሁለቱም ከጮቄ ወርደው ዓባይ የሚገቡ ናቸው። ከደጀን ወደ ቢቸና መንገዱ በዋልካ ሜዳ ላይ ነው። ወሩ የመውቂያ ወር ስለነበር ጤፉ በየአውድማው ተከምሯል። ቢቸና ምሳ በላን። ለልጁ ስለ በላይ ዘለቀ ነገርኩት፤ "ፍቅር እስከ መቃብር" ላይ የተጠቀሰው ዲማ ጊዮርጊስም በዚሁ አካባቢ እንደሆነ ጨመርኩለት፤ እሱን አልሰማኝም፣ ክትፎው ላይ ነበር። በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አልፈን ሞጣ አደርን።

በማግስቱ ወደ ድጓ ጽዮን የሚሄድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ያዝን። ከዚያ በላይ ያለውን በበቅሎና በእግር ወጣነው። ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አትቸኩሉ። የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የእኔው ልጅ ራሱን አመመው፤ ውኃ እያጠጣሁ፣ በየጥቂቱ እያሳረፍኩ ነው ያደረስኩት። ማታ ማታ ውርጩ አጥንት ይገባል፤ ሦስት ሹራብም አይበዛም።

እናቴ የዚያ አገር ሰው ነበረች። ልጅ ሆኜ ክረምቱን አያቴ ቤት ስከርም፣ ከቤቱ ጓሮ ጀምሮ የአስታ ዛፍ ነበር፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጉም የሚያድርበት። በግ ከጠፋ እዚያ ውስጥ ነው፤ እኛም ለመግባት እንፈራለን። ከአርባ ዓመት በላይ አልተመለስኩም ነበር። ያንን ጫካ ነበር ለልጁ ላሳየው የተዘጋጀሁት።

የአጎቴ ልጅ ባናውን ተከናንቦ ደጅ ተቀበለን። ዙሪያውን ፈለግሁ። የገብስ ቃርሚያ ነው። ከዚያ በላይም ገብስ፣ እንግዶ፣ ድንች። አስታው ሩቅ ገደል ላይ እንደ ቅንድብ ቀርቷል።

"እማማ፣ ጫካው የት አለ?"

ማታ እሳት ዳር የተቀቀለ ድንች በድቁስ በርበሬ እየበላን፣ ያስተማሪነት አመሌ አልለቅህ አለኝና ዝም ማለት አቃተኝ። ይህ ተራራ የስንት ወንዝ እናት እንደሆነ፣ አፈሩ በየክረምቱ ታጥቦ ወደ ዓባይ እንደሚሄድ ተናገርኩ። ራፓ ኑይንም አነሣሁ፤ እሷም በዘንባባ ደን ተሸፍና እንደነበረች፣ ሰው ከገባባት በኋላ ግን ደኑ ጨርሶ እንደጠፋ። የአጎቴ ልጅ አልተቆጣም።

"እታለም፣ አባቴ ያወረሰንን መሬት ለሰባት ተካፈልነው። ለኔ የደረሰኝ ባንድ ጧት ታርሶ ያልቃል። አስታውን ያልመነጠርሁ ልጆቹን ምን ላብላ?"

ዝም አልኩ። እሳቱን ቆሰቆሰና ቀጠለ።

"ደግሞስ አንች መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሽ አባቴ ይልክልሽ የነበረው ብር ከየት ይመስልሻል? የአስታ እንጨት በአህያ እየጫንን ሞጣ የምንሸጥ እኔና እሱ ነበርን።"

አላውቅም ነበር። አጎቴ በግ እየሸጠ የሚልክልኝ ይመስለኝ ነበር። ልጁ ድንቹን እንደያዘ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ያያል። የምለው አጣሁ፤ ሚስቱ ቡና ቀዳችልኝ፣ እሱን ይዤ ተቀመጥኩ።

ጧት ወደ ላይ ወሰደን። ከእርሻው በላይ የጓሳ ሣር ይጀምራል፤ በሣሩ መሐል ጅብራ ቆሟል። ጅብራን ላላየ ማስረዳት ይከብዳል። ግንዱ ወፍራም ነው፣ ራሱ ላይ ረዣዥም ቅጠሎቹን እንደ ጽጌረዳ ይዘረጋል፤ ሲያብብ ከመሐሉ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያወጣል። ብዙ ዓመት ያድጋል፣ አንድ ጊዜ ያብባል፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። በፖሊኔዥያዋ ሃዋይ፣ ሃሌአካላ በሚባል እሳተ ገሞራ ላይም በዘር የማይዛመደው ግን ይህንኑ ጠባይ የያዘ ተክል አለ። ይህንን ስነግረው ልጁ በጣም ደስ አለው።

ብዙዎቹ ጅብራዎች አብበው ደርቀዋል። ልጁ ከሁሉም አንድ ያላበበ መረጠ፤ ከእርሻው ዳር፣ ከማረሻው ሁለት እርምጃ የማይርቅ። "ይኼ የኔ ነው" አለ። የአጎቴ ልጅ ሳቀና እጁን ይዞ ወደ ታች ወሰደው፤ ከድንጋይ ሥር ብርድ የመሰለ ውኃ ይፈልቃል። እኔም ጎንበስ ብዬ በእፍኜ ጠጣሁ። ከሙጋ ወገን ይሁን ከሌላ ወንዝ፣ ከዚያ ጉድጓድ ላይ ቆሞ መለየት አይቻልም።

ስንመለስ ግማሽ ኩንታል ድንች ተጫነልን። አልወስድም ብል እሺ አላለኝም።

ልጁ አሁንም ራፓ ኑይን አልተወም። የአጎቴ ልጅ በደወለ ቁጥር ግን ስልኩን ከእጄ ሊነጥቀኝ ይደርሳል። "አበበ ወይ በይልኝ" ይላል።

ባለፈው ሲደውል ጠየቅሁለት።

"ገና ነው በይው" አለኝ። "በሬዎቹ እንዳይደርሱበት ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሬለታለሁ።"